በሁለት ቁልፍ የተዘጋች ቦርሳ

ጥቅምት 2

ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለእሺዬ፣

ሰላምታዬ ፖስተኛውን ቀድሞ ደጅህ ይድረስ። ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እኔ ወገቤን ትንሽ ያመኛል፣ እሱም የስፌት ማሽኑ ላይ ጎንበስ ስል ብቻ ነው፤ ችግሩ ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ማለቴ ነው። ባለቤቴ ደህና ነው፣ የሚነዳው አውቶቡስ ደህና አይደለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። አንተን በስልክ ማነጋገር ከግድግዳ ጋር ኳስ መጫወት ነው። «እሺ እትዬ፣ እሺ» ትልና ትዘጋዋለህ። ቤተሰቡ እሺዬ ያለህ በከንቱ አይደለም። ወረቀት ላይ ግን እሺ ብቻ ጽፈህ ቴምብር ብትለጥፍበት ራስህ ታፍራለህ ብዬ ነው።

የላክኸው ፎቶ ደርሶናል። ተራራ ጫፍ ላይ ቆመህ፣ ጀርባህ ላይ ያንን የሚያህል ቦርሳ አዝለህ። ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየውና «ይሄ ልጅ ፍራሽ ፋብሪካ ነው የሚሠራው ብለሽኝ አልነበር? ምን አጥፍቶ ነው ሸክም ያሸከሙት?» አለኝ። በእረፍት ቀኑ ሊዝናና ነው የወጣው አልኩት። «ዕቃውን ላይ አድርሶ ምን ያደርገዋል?» አለ። መልሶ ያወርደዋል አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ አንተ ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚመልሰው።

የምጽፍልህ ግን ለቀልድ ብቻ አይደለም። የትምህርት ቤቱ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሱቄ መጥታ ነበር። አርባ ተማሪዎች ይዛ ተራራ ልትወጣ ነው። እያንዳንዳቸው ወገባቸው ላይ የምትታሰር ትንሽ ቦርሳ እንዲኖራቸው ትፈልጋለች፤ አደጋ ቢደርስ የሚያስፈልጋቸው ነገር በሙሉ እዚያች ውስጥ ይሆናል። አርባ ስፊልኝ አለችኝ። የሚገባውን ዕቃ ዝርዝርም ሰጠችኝ። ፊሽካ ይላል። ሜዳው ላይ ዳኛ አለ እንዴ? ቀጥሎ መስታወት ይላል። ተራራ ላይ ማን ሊያያቸው ነው ፀጉር የሚያበጥሩት?

እኔ ቀሚስ የምቆርጠው ለባሿን ለክቼ ነው። ቦርሳም የሚቆረጠው የሚገባበትን አውቆ ነው። አስተማሪዋን ልጠይቃት ስል «ክፍል አለኝ» ብላ ሮጠች። ስለዚህ አንተ ንገረኝ። በዚያ ቦርሳህ ውስጥ ምን ምን አለ? አንድ በአንድ ጻፍልኝ፣ ለምን እንደሚያዝም ጨምርበት። ቁመትና ስፋቱን ለካልኝ፣ በስንዝር ሳይሆን በሜትር።

ሱሪህን ስታጠብብልህ የኖረችው እትዬ

*

ጥቅምት 24

ለተከበርሽው እትዬ፣

ከሩቅ ሆኜ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላለሁ። ለባለቤትሽም እንዲሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሜትር ስላልነበረኝ እስክገዛ ነው።

ተራራ የሚያስወጣን የፋብሪካችን ፎርማን ነው። ጡረታው የደረሰ ሰው ነው፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲወጣ ኖሯል። ከመነሳታችን በፊት ቦርሳችንን አስፈትቶ አንድ በአንድ ያያል፣ እንደ ጉምሩክ። የጎደለበት ሰው ይመለሳል።

ፊሽካው ለዳኝነት አይደለም። ድምፅ ይደክማል፣ ፊሽካ አይደክምም ይላል ፎርማኑ። ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ አንድ ደቂቃ ይታረፋል፣ እንደገና ሦስት። በእኛ ቡድን ሦስት ማለት እርዱኝ ማለት ነው። መስታወቱ ፀሐይ ሲኖር ብርሃኑን ሩቅ ላለ ሰው ለመወርወር ነው። ክብሪቱ ውኃ በማያስገባ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል። የእጅ ባትሪው ድንጋይ ተገልብጦ ነው የሚገባው፣ ቦርሳ ውስጥ ሳናውቅ በርቶ እንዳያልቅ። እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ስስ ልብስም አለ። ሲታጠፍ መሐረብ ያክላል፣ ሲዘረጋ ሙሉ ሰው ይሸፍናል፤ የገዛ ሙቀትሽን ለራስሽ ይመልስልሻል። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ትንሽ ስለት፣ ከረሜላ፣ ስምና የደም ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት። ውኃው፣ ካርታው፣ ኮምፓሱ፣ ትርፍ ሹራብና ካልሲው ትልቁ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። ትልቁ ቦርሳ ቢወድቅ ወይም ገደል ቢገባ ግን የወገቧ ትቀራለች። ለዚህ ነው የምትለየው።

ፎርማኑ ዋናው ዕቃ ቦርሳ ውስጥ አይገባም ይላል። የት እንደምንሄድና በስንት ሰዓት እንደምንመለስ ለአንድ ሰው ነግረን እንወጣለን። እኛ የምንነግረው ለፋብሪካው ዘበኛ ነው። በሰዓታችን ካልተመለስን እሱ ይደውላል።

ልኩን በሌላ ወረቀት አድርጌዋለሁ። የምትሰፊው ሁሉ ጥሩ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

አክባሪሽ

*

ኅዳር 10

ለእሺዬ፣

ሰላም ከቤትህ አይጥፋ፣ እግርህም ከመሬት አይለቅ። ደብዳቤህን ሳነብ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ሆንኩልህ። አንዱን ጥያቄ ስትመልስልኝ ሦስት ይወለዳል። ከረሜላው ለምንድን ነው? ደስ እንዲላችሁ ነው ወይስ ጉልበት ይሰጣል? ደግሞስ ያ ዘበኛ እንቅልፍ ቢወስደውስ?

ፊሽካ ገዝቼ ሱቄ በር ላይ ሆኜ ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ማዶ ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ፓምፑን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ምንም። ለመድረስ ስንት እንደሚፈጅብህ ልይ ብዬ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ስንት ፈጀብኝ?»

«ሞቼ ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የጠዋት ሰላምታው ቀዝቅዟል።

የሚያብለጨልጨውን ልብስ አስተማሪዋ ለናሙና አንድ አምጥታልኝ ባለቤቴን አለበስኩት። «የተረፈ ምግብ አስመሰልሽኝ» እያለ አጉረመረመ። ልብስ ተኩሼ ስመለስ ግን ተኝቷል፣ ግንባሩን አልቦታል። እውነትም የራስን ሙቀት መመለስ። ማን አሰበው ይሄን?

አሁን ወደ ሥራዬ። የመጀመሪያዋን ቦርሳ ሰፍቼ ለአንተ ልኬአታለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትደርስሃለች። ጨርቋ የድንኳን ሸራ ነው፣ ክሯ የጫማ ክር። ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ፣ ጥግ ጥጓን ሦስት ጊዜ መትቼዋለሁ። ዚፕ አላደረግሁባትም፤ ዚፕ የሚከዳው በሚያስፈልግ ሰዓት ነው። ክዳኗ በሁለት ቁልፍ ይዘጋል። የቁልፎቹን ቀዳዳ ጠበብ አድርጌዋለሁ፣ በራሳቸው እንዳይወልቁ። በዚያ ላይ ገመድ ዙሪያዋን ዞሮ ይቋጠራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኔን ስፌት ሦስተኛ አድርገህ ጨምረው። ከተራራ ብትንከባለል አንተ ትፈታለህ እንጂ ቦርሳዬ አትፈታም።

ይዘሃት ውጣና እንዴት እንደሆነች ንገረኝ። እኔ እስከዚያ የቀሩትን መቁረጥ ልጀምር።

እትዬ

*

ታኅሣሥ 17

ለተከበርሽው እትዬ፣

ጤናሽን ያብዛልሽ። ቦርሳዋ ደርሳኛለች፣ በጣም አመሰግናለሁ። ይዣት ወጥቻለሁ። ስፌቷ የትም ቦታ አልላላም። ጓደኞቼ አይተው አደነቁ። ስለ ድካምሽ አመሰግናለሁ።

ጥቂት ቀን ከሥራ እረፍት ላይ ነኝ፣ ለክፉ አይሰጥም።

ተማሪዎቹ መቼ ነው የሚወጡት? የሚሄዱበት ቦታ ይበርዳል? ቁልፎቹ ተሰፍተዋል ወይስ ገና ናቸው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ስላሰብሽኝ አመሰግናለሁ። ባለቤትሽንም አመስግኝልኝ።

አክባሪሽ

*

ጥር 3

እሺዬ፣

ሰላም ነው? እውነቱን ነው የምጠይቅህ፣ ለደብዳቤ ወግ አይደለም።

ከወር በላይ ጠብቄ የመጣልኝ ግማሽ ገጽ ነው። ጽሕፈቱ ደግሞ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። አንተ ፊደልህ እንደ ታተመ ነበር፤ ባለቤቴ አይቶት «አውቶቡስ ላይ ሆኖ ነው እንዴ የጻፈው?» አለ። አራት ጊዜ ምስጋና አለበት። ቆጥሬዋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ቀሚሷ ልክ የሆነላት ደንበኛ በዋጋው ትጨቃጨቀኛለች፣ ክሩ እንዲህ ሆነ፣ የጠርዙ ዘምዘም እንዲያ ሆነ ትለኛለች። ልክ ያልሆነላት ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅሽ ይባረክ» ብላ፣ ጠቅልላ ይዛ፣ ዳግመኛ በሱቄ በር አታልፍም። ሠላሳ ዓመት ያየሁት ነው። አሁን አንተ አራት ጊዜ ስታመሰግነኝ እኔ ምን ልበል?

ትናንት ደግሞ ደወልክ። ስለ ወገቤ ጠየቅህ። ስለ አውቶቡሱ ጠየቅህ። ከዚያ «እትዬ፣ ያቺ ቦርሳ…» አልክና ቆምክ። ምን ሆነች ስልህ «ቆንጆ ናት» አልክ። ቀጥሎ አሥራ አንድ ጊዜ እሺ አልክ፤ እኔ ግን ምንም እንድታደርግ አልጠየቅሁህም ነበር። ምኑን ነው እሺ ያልከው?

ለጥያቄዎችህ ይኸው መልስ። ሠላሳ አንዱ ቦርሳ ከነቁልፉ አልቋል። ጥር 25 አርባውንም አስረክባለሁ። ጥር 28 ልጆቹ ይወጣሉ። ቦታው ይበርዳል፤ አስተማሪዋ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ አለ ብላኛለች። «እንዲያው ለማወቅ ያህል» ሰው ስለ ቁልፍ አይጠይቅም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ጻፍ። ቢያምም ጻፍ፣ ብትቆጣም ጻፍ። ተቆጥተህ አይቼህ አላውቅም፣ ደስም ይለኝ ነበር።

እትዬ

*

ጥር 14፣ በፈጣን ፖስታ

እትዬ፣

ቦርሳዎቹን አታስረክቢ። ከሰላምታ በፊት ይህን ስላልኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። ብደውል መልሼ እሺ ብዬ እንደምዘጋው ስለማውቅ ነው የጻፍኩት።

ታኅሣሥ 5 ነው የወጣነው፤ አርፍደን ስለነበር ፎርማኑ የዚያን ቀን ቦርሳችንን አላስፈታንም። ስንወርድ ጉም ሸፈነን፣ ቀጥሎ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ መጣ። እኔ የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ። ቀና ስል ማንም የለም። ለመድረስ ስሮጥ ተንሸራትቼ ጉድጓድ መሰል ቦታ ውስጥ ወደቅሁ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ትልቁ ቦርሳ ከጀርባዬ ወልቆ ቁልቁል ሄደ።

አልፈራሁም። የአንቺ ቦርሳ ወገቤ ላይ ነበረች። ፊሽካው እዚያ ነው፣ ባትሪው እዚያ ነው፣ የሚሞቀው ልብስ እዚያ ነው።

ቋጠሮው ረጥቦ ጠብቆ ነበር። ጓንቴን አውልቄ ልፈታው ሞከርኩ። ጣቶቼ የእኔ አልነበሩም፤ ይታዩኛል እንጂ አይሰሙኝም። በጥርሴ ያዝኩት። ብዙ ቆይቶ ገመዱ ተፈታ። ቁልፎቹ ግን እንቢ አሉ። ለመቅደድ ሞከርኩ፣ ስፌትሽ አልተቀደደም። ስለቱ ውስጥ ነው፤ ለመክፈት የሚያስፈልገኝ ነገር የተቆለፈበት ውስጥ ነው። ጓደኞቼ ስሜን ሲጠሩ እሰማለሁ። እኔ ስጮህ ግን ነፋሱ ይወስደዋል። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ እንዲያ ተቀመጥኩ። ፎርማኑ ራሱ ተመልሶ አገኘኝ።

መጀመሪያ የጠየቀኝ «ፊሽካህስ?» ብሎ ነው። ቤት ረሳሁት አልኩት። ቦርሳዋን በሹራቤ ሸፈንኳት። በሰው ፊት ተቆጣኝ፣ ሁለት ወር ከእነሱ ጋር እንዳልወጣ ከለከለኝ። «እህቴ የሰፋችው አልከፈት አለኝ» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ጫፋቸው ነጭ ነው፣ እስካሁን አይሰማቸውም። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ ይላል። ጽሕፈቴ የተበላሸው በግራ እየጻፍኩ ስለሆነ ነው።

ልነግርሽ ነበር የደወልኩት። ቆንጆ ናት ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ዛሬ ደብዳቤሽ ደረሰ። ሠላሳ አንዱ አልቋል የሚለውን ሳነብ ሠላሳ አንድ ልጅ ታየኝ።

ይቅር በይኝ።

*

ጥር 30

ለወንድሜ፣

ጣቶችህ ነፍስ ይዝሩ። ከዚህ ሌላ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

ደብዳቤህ ጥር 19 ደረሰኝ፣ ለማስረከብ ስድስት ቀን ሲቀረኝ። ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩት። ቀጥሎ ለስላሳ ከሚሸጠው ጎረቤት አንድ ባልዲ በረዶ ለመንኩ። ባለቤቴንና ብስክሌት ጠጋኙን ጠራሁ። ዓይናቸውን በሻሽ አስሬ፣ እጃቸውን በረዶው ውስጥ አስነክሬ፣ ቦርሳዋን ሰጠኋቸው። ጠጋኙ ተሳድቦ ተወው። ባለቤቴ፣ የአውቶቡስ ጎማ የሚፈታ እጅ ይዞ፣ አራት ደቂቃ ፈጀበት። ከዚያ እኔ ሞከርኩ። የሰፋኋት እኔ ነኝ፣ ቀዳዳዋ የት እንዳለ ጨለማም ውስጥ አውቀዋለሁ። መክፈት አቃተኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ቀሚስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁት እንዳይከፈት ነው፤ ቀሚስ መንገድ ላይ ከተከፈተ ለባሿም ሰፊዋም ጉድ ሆኑ። ቦርሳዋንም በዚያው እጄ ሰፋኋት። እንዳይወድቅ፣ እንዳይፈታ፣ እንዳይከፈት ስል መከፈትም እንዳለበት አንድም ጊዜ አላሰብኩም። አንተን ዕቃውን ሁሉ ጠየቅሁህ፤ በምን እጅ እንደሚወጣ ግን አልጠየቅሁህም።

አስተማሪዋ ጋ ሄጄ ነገርኳት። «ግዴለም፣ ከላይ ቆንጆ ናቸው እኮ» አለች። ባልዲውን ይዤ ነበር የሄድኩት። እሷም እጇን ነከረች። ከዚያ በኋላ ስለ ቆንጆነታቸው አላነሳችም።

አርባውንም ተረተርናቸው። ባለቤቴ ፈቃድ ወስዶ ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጦ ቁልፍ ሲቆርጥ ዋለ። «ምን ጠልተሽ ነው እንዲህ አጥብቀሽ የሰፋሻቸው?» እያለ። አሁን ክዳኗ ላይ አንድ የእንጨት ቁልፍ ብቻ አለ፣ አውራ ጣት የሚያክል፤ በላስቲክ ቀለበት ውስጥ ይገባል። ክዳኑ ጫፍ ላይ በጥርስ የሚያዝ ሰፊ ማሰሪያ አለ። ፊሽካው ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ውጭ በክር ተንጠልጥሏል። አስተማሪዋ አርባውን ልጆች አሰልፋ፣ እጃቸውን በረዶ አስነክራ አስከፈተቻቸው። የመጨረሻው ልጅ እስከ ዘጠኝ ተቆጥሮ ከፈተ።

ከትናንት በስቲያ ወጥተው ተመልሰዋል። ምንም አልሆኑም። ከረሜላውን ግን ገና ተራራው ሥር ሳሉ ጨርሰውታል አሉ።

አሁን ያንተ ተራ ነው። ስሜን ለመጠበቅ ብለህ ጣትህን ሰጠህ። ማን ለምኖህ? እኔ በሰው ፊት ተበላሸብሽ መባል ለምጃለሁ፣ ሥራዬ ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው እጅጌውን ዘርግቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ይለኛል፤ እፈታለሁ፣ እንደገና እሰፋለሁ። ያንተን ጣት ግን ፈትቼ አልሰፋውም። አንድ ወር ከግማሽ ዝም አልክ። እኔ በዚያ አንድ ወር ከግማሽ ማታ ማታ እያንጎራጎርኩ ቁልፍ ስሰፋ ነበር።

ለፎርማኑ እውነቱን ንገረው። ያንተ ጥፋት ያልሆነውን አትሸከም፤ ሸክም እንደምትወድ ፎቶው ላይ አይቻለሁ፣ ይበቃሃል።

አዲሷን ቦርሳ ልኬልሃለሁ። ይዘሃት ውጣና ጉድለቷን ጻፍልኝ። ጉድለቷን ብቻ። አንዲት ምስጋና ካየሁበት ደብዳቤውን ለባለቤቴ ሰጥቼው የአውቶቡሱን መስታወት ያጸዳበታል።

እትዬ

*

የካቲት 27

እትዬ፣

ሰላም ለቤትሽ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ በመርፌ ሲነካው መሐል ጣቴ ተሰማው። ሌላኛው ገና ነው። ይህን በቀኝ እጄ ነው የጻፍኩት፣ ስለዚህ አጭር ነው።

ለፎርማኑ ነገርኩት። እሱም «ፊሽካ የሚረሳ ሰው ችግር የለውም፣ እኔ አስታውሰዋለሁ። ያልሠራለትን ዕቃ ሠርቶልኛል የሚል ሰው ግን እኔንም ይገድለኛል» አለ። ቅዳሜ ይዞኝ ወጣ።

ጉድለቷ ይህ ነው። በጥርስ የሚያዘው ማሰሪያ ረዝሟል፣ ቁጥቋጦ ይይዘዋል፤ ሁለት ጣት ይጠር። የፊሽካው ክር ግን አጥሯል፤ አፌ ጋ ለማድረስ እንደ ዳክዬ አንገቴን ማጠፍ አለብኝ። የእጅ ባትሪው ከሥር ስለሆነ እሱን ለማግኘት ሌላውን ሁሉ መሬት ላይ ማፍሰስ ግድ ነው፤ ለብቻው ኪስ ይፈልጋል። ላስቲኩ በጣም ሲበርድ ይደርቃል፣ የልጆቹን በጊዜ ብትቀይሪላቸው ይሻላል።

የመጨረሻው ለነፍስ የሚያሰጋ አይደለም። ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ሦስት ቀን ፖስታውን ሳልዘጋ አቆይቻለሁ።

ቀለሟ አያምርም።

እሺዬ